ያለ ቃል የሚነገር የስደት ቴአትር

ቴአትር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የከተማ አዳራሽ ነው። መጋረጃ አለ፤ መብራት አለ። ተዋንያን ደራሲ የጻፈውን ቃል አጥንተው ይናገራሉ፤ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህ አንዱ ዓይነት ነው። እዚህ የምንጽፍላችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ቴአትር ነው። ይሄኛው መጋረጃ የለውም። ለብቻው ተቀምጦ የሚጽፈው ደራሲም የለውም። ንግግሩ ከጥቂት ቃላት አይበልጥም። የሚናገረው የሰው አካል ነው፤ ይኸውም እግር፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ እጅና ትንፋሽ ነው። ስለዚህ የአካል ቴአትር ይባላል።

እኛ ቴአትር የምንማር ሰባት ተማሪዎች ነን፤ አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። ለትምህርታችን ማጠናቀቂያ አንድ ትርዒት ከባዶ ተነሥተን በጋራ እንድንፈጥር ተነገረን። ርእሱን የመረጥነው እኛው ነን። ስደትን መረጥን። ከሰባታችን መካከል ወንድሙ ወይም እኅቱ ወይም የአክስቱ ልጅ ያልተሰደደበት አንድም ሰው ስላልነበረ ምርጫው ብዙ አላከራከረንም። ክርክሩ የመጣው ኋላ ነው፤ በቦታው እንነግራችኋለን።

አካል ይናገራል ስንል ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ከሩቅ የሚመጣን ሰው አረማመዱን አይታችሁ መርዶ ይዞ እንደሆነ ትጠረጥራላችሁ። ከገበያ የሚመለስ ጎረቤት ቀንቶት እንደሆነ ከትከሻው ይታወቃል። ጠበኞች ሲታረቁ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይንበረከካል። ድንጋዩ አፍ የለውም። ነገር ግን እዚያ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ያነበዋል። ፊደል ሳይቆጠርም የሚነበብ ነገር አለ ማለት ነው። የአካል ቴአትር ይህንኑ ንባብ ይዞ ይነሣል።

ከሌላ አገር የመጣ ትምህርት

ይህን ሥራ በትምህርት መልክ ካደራጁት ሰዎች አንዱ ዣክ ለኮክ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ስንናገር ዘመኑን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ለኮክ መጀመሪያ የስፖርት መምህር ነበር። በ1956 በፓሪስ ከተማ የቴአትር ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1999 እስኪሞት ድረስም አስተማረ። ተማሪዎቹን «ውኃ ሁኑ፣ እሳት ሁኑ፣ ዛፍ ሁኑ» እያለ ያለማምዳቸው ነበር። ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ውኃ እንዴት እንደሚሄድ በጀርባው ያወቀ ተዋናይ፣ ባሕር ላይ ያለን ሰው ለማሳየት ጀልባ አያስፈልገውም።

ለእኛ ሥራ ይበልጥ የጠቀመን ግን ሌላ ሰው ነው። አውጉስቶ ቦአል ይባላል፤ የብራዚል ሰው ነው። በአገሩ የወታደር መንግሥት በነበረ ጊዜ በ1971 ታሰረ፤ ተገረፈም። ከዚያ ተሰደደ። ስለዚህ ስደትን ከሌላ ሰው አፍ የሰማ አልነበረም።

በ1973 ፔሩ በምትባል አገር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲካሄድ ቦአል ገብቶ ሠራ። ፔሩ ብዙ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ናት። መምህራኑ ለተማሪዎቻቸው ፎቶግራፍ ማንሻ ይሰጡና ጥያቄ ይጠይቋቸው ነበር። መልሱ በቃል አይደለም፤ በፎቶግራፍ ነው። አንድ ቀን «ብዝበዛ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። አንድ ልጅ ምን አንሥቶ ቢመጣ ጥሩ ነው? ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር! ትልልቆቹ ነገሩ አልገባቸውም። ልጆቹ ግን ወዲያው ገባቸው። ሊስትሮዎች ነበሩ። ሰፈራቸው ከከተማው መሐል ሩቅ ስለሆነ የጫማ መጥረጊያ ሣጥናቸውን ማታ ማታ ተሸክመው መሄድ አይችሉም። ስለዚህ ሣጥኑን ሰቅለው የሚያድሩበትን ምስማር ከባለ ሱቅ ይከራያሉ። ከሚያገኙት ሳንቲም ለምስማር ይከፍላሉ። ብዝበዛ ለእነሱ ያ ምስማር ነበር።

እኛም ሥራ ስንጀምር ለራሳችን የሰጠነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የስደት ምስማሩ ምንድን ነው? ስደት የሚለው ቃል ትልቅ ነው። ቃሉን ሁሉም ይሰማዋል፤ ሰምቶም ያልፈዋል። በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚያዝ አንድ ትንሽ ነገር ማግኘት ነበረብን።

ስደትን ያለ ቃል ማሳየት በሌላ ቦታም ተሠርቷል። በ2021 አማል የምትባል የአሻንጉሊት ልጅ ከቱርክና ከሶርያ ድንበር አካባቢ ተነሥታ እስከ እንግሊዝ አገር ተጓዘች። መንገዱ 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሻንጉሊቷ ሦስት ሜትር ተኩል ቁመት አላት። አንድ ሰው ውስጧ ገብቶ በረጃጅም የእንጨት እግሮች ይሄዳል፤ ሌሎች ሰዎች እጆቿን ያንቀሳቅሳሉ። የሠሯት የደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ናቸው። አማል አትናገርም፤ ትሄዳለች፣ ታያለች፣ ትደክማለች። በአንዳንዱ ከተማ ሕዝብ በዘፈን ተቀበላት። በአንዳንዱ ደግሞ ድንጋይ ተወረወረባት። አሻንጉሊት እኮ ናት! ሆኖም ሰዎቹ ያዩት አሻንጉሊት አልነበረም።

ወደ ወሎ

ከአገራችን የሚወጣው ስደተኛ በብዙ መንገድ ይሄዳል። ከሆሳዕናና ከዱራሜ በኩል የሚነሣው ብዙ ጊዜ በሞያሌ አድርጎ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጦ ደቡብ አፍሪካን ይመኛል። በመተማ የሚወጣው ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያና ወደ ባሕሩ ነው። ሴቶች እኅቶቻችን ደግሞ ብዙዎቹ ለቤት ሠራተኛነት በአውሮፕላን ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ።

ከወሎ የሚነሣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በምሥራቅ ነው። የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፤ ጅቡቲ ይገባል፤ ኦቦክ ከሚባለው የባሕር ዳር ጀልባ ይሳፈራል። ባብ ኤል መንደብ የሚባለው ባሕር በጠባቡ በኩል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከወዲያ ማዶ የመን ናት። በየመን በኩል ደግሞ እስከ ሳውዲ ዐረቢያ ድንበር ረጅም መንገድ አለ። በ2019 ብቻ ከ138 ሺህ በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙ ሰው ደርሶም አይቆይም። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መልሳለች።

እኛ በደቡብ ወሎ በአንድ ቀበሌ ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። ከዚያ መንገድ የተመለሱ ሰዎች በየጎጡ አሉ። ከእነሱ መስማት ነበረብን፤ አጠያየቁ ግን ቀላል አይደለም። «ምን ደረሰብህ?» ብሎ መጠየቅ ቁስል መነካካት ነው። ሰውየው ወይ ዝም ይላል፤ ወይ ሰው ሁሉ የሚለውን ይናገራል። ስለዚህ ስለ አካል ብቻ እንጠይቅ ተባባልን። እንዴት ተቀመጣችሁ? እጃችሁ የት ነበር? ስትተኙ ጫማችሁን ምን አደረጋችሁት?

አንድ ወጣት «በጀልባው ላይ እንዴት ተቀመጣችሁ?» ብለን ስንጠይቀው በቃል ሊመልስልን ጀመረና ተወው። ከመደቡ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጉልበቶቹን ከፍቶ ዐጠፈ። ከእኛ አንዱን ጎትቶ በጉልበቶቹ መካከል አስቀመጠው፤ ለዚያ ደግሞ ሌላውን። እንዲህ እየሆነ አምስታችን እንደ ተደራረበ የሸክላ ሳሕን ሆንን። «አሁን ማንም እንዳይነቃነቅ» አለ። «አንድ ሰው ሲነቃነቅ ጀልባው ያጋድላል።» ይህን ሲል እናቱ ቡና ይዘው ገቡና ቆሙ። ልጃቸው ከተመለሰ ዓመት አልፎታል።

«እንዲህ ሆነህ ነው እንዴ የሄድከው?» አሉት።

እሱ አልመለሰም። እሳቸውም ረከቦቱን አስቀምጠው ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት ሴት ደግሞ ቀኑ እንዴት እንደሚጀምር ስንጠይቃት በቀኝ እጇ ልብስ በካውያ ስትተኩስ አሳየችን። በግራ እጇ ሕፃን ታባብላለች። ጆሮዋ በር ላይ ነው፤ እመቤቲቱ በማንኛውም ሰዓት ትጣራለችና። ይህን ይዘን አንድ አጭር ትዕይንት ሠራን። አንዲቱ ተዋናይ መሐል ትቆማለች። ሌሎቻችን አንድ በአንድ እየመጣን እጃችንን ሰውነቷ ላይ እናሳርፋለን። እያንዳንዱ እጅ አንድ ሥራ ነው። ስድስተኛው እጅ ሲያርፍባት ቆማ አለች፤ መንቀሳቀስ ግን አትችልም። ፓስፖርቷ በሌላ ሰው ኪስ ያለ ሰው እንዲህ ነው።

ከሁሉም ጋር አንድ ስምምነት አደረግን። የነገሩንን ሰው ስም አንጠራም። «ይሄ ይቅር» ያሉት ነገር ይቀራል። ማንም ሰው የራሱን መከራ ራሱ ወጥቶ አይሠራም፤ እኛ እንሠራለታለን፤ እሱ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ያያል፤ ካልፈለገም ከቤቱ ይቀራል።

ትርዒቱ እንዴት እንደ ተሠራ

የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ የሠራነው መሄድን ብቻ ነው። ይህ ሊያስቃችሁ ይችላል። ነገር ግን መሄድ ብዙ ዓይነት ነው። ወደ ወፍጮ እህል ተሸክሞ መሄድ አለ። ሌሊት ውሻ እንዳይጮህ ጫማን በእጅ ይዞ ከቤት መውጣት አለ። በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ መሄድ አለ። ከፊት ያለውን ሰው ተረከዝ ብቻ እያዩ፣ ሌላ ነገር ሳያዩ መሄድ አለ። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ደግሞ መንደሩን በጓሮ በኩል፣ ሲመሽ ነው የሚገባው። ይህን አረማመድ ያሳዩን ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አሳዩን።

ዕቃ አላበዛንም። አንድ ረጅም ገመድ፣ ሁለት ጋቢና አንድ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ያዝን። ጀሪካኑ ብዙ ሥራ ሠርቷል። በበረሃ ውኃ ነው፤ በክዳኑ እየተለካ ይጠጣል። ባሕር ላይ ሰው የሚንሳፈፍበት ነው። ሲመታ ከበሮ ነው። መጨረሻ ላይ ባዶውን ወድቆ ሲገኝ ባለቤቱ የት እንደ ደረሰ ማንም አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልግም።

የፈለግነውን ምስማር ያገኘነው ግን ከበረሃው አልነበረም፤ ከእርሻው ላይ ነው። የስደት ገንዘብ ከየት ይመጣል? በብዙ ቤት ከበሬው ነው። ስለዚህ ትርዒቱን በጥማድ በሬ ጀመርን። ሁለት ተዋንያን ጎንበስ ብለው በሬዎች ይሆናሉ፤ አንድ ዱላ በማጅራታቸው ላይ ይጋደማል፤ ቀንበር ነው። አባት ከኋላ ያርሳል፤ ልጅ ጎልጓይ ሆኖ ይከተላል። ደላላው በእርሻው ዳር ዝም ብሎ ያልፋል፤ ደግሞ ይመለሳል። በሦስተኛው ምልልስ አባት እርፉን ይለቅና አንዱን በሬ ይፈታል። በሬው ይሄዳል። የቀረው በሬ ቀንበሩ በአንድ ወገን ብቻ ተንጠልጥሎበት ይቆማል። አንገቱ ያዘነብላል። ልጁ በረሃ ሲያቋርጥም፣ ባሕር ሲገባም፣ ያ ብቻውን የቀረው በሬ ከመድረኩ ጥግ እንደ ተንጋደደ ቆሞ ይታያል። ተዋናዩን ሰላሳ ደቂቃ ጎንበስ ብሎ መቆም አድክሞታል፤ ግን አላስቀረነውም። መቀናጆ ፍለጋ በየጎረቤቱ የሄደ ገበሬ ያ በሬ ምን እንደሚል ያውቃል።

ገመዱ ስልክ ሆነ። በየመንም ሆነ በሊቢያ ስደተኛን አግተው ለቤተሰቡ እየደወሉ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ደላላው መጀመሪያ «ሂድ ብቻ፤ ኋላ ትከፍላለህ» ይላል። ነገሩ ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ያልከፈለው ገንዘብ መንገድ ላይ በሌላ ሰው እጅ ይጠብቀዋል። በትርዒታችን የገመዱን አንድ ጫፍ ልጁ ይዟል፤ ሌላውን አባትና እናት። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ከቤቱ አንድ ነገር ይወጣል። ጋቢው ይሄዳል። በርጩማው ይሄዳል። በጉ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ገመዱ ሲሳብ የሚወጣ ነገር የለም፤ እናቲቱ ራሳቸው ይሳባሉ።

ክርክሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከእኛ ሁለቱ፣ ልጁ ሲገረፍ በግልጽ ይታይ አሉ። ወጣቶቹ ይፍሩ፤ ከፈሩ አይሄዱም ነው ሐሳባቸው። ትርዒቱም «አትሂዱ» በሚል ቃል ይለቅ አሉ። ሌሎቻችን አልተስማማንም፤ ሁለት ቀን ተከራከርን። ወጣቱ መከራውን ሳያውቅ የሚሄድ አይደለም። በስልክ አይቶታል፤ ከተመለሱት ሰምቷል፤ በራዲዮ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ተነግሮታል። እያወቀ ነው የሚሄደው። የጎደለው ወሬ አይደለም። የጎደለው አባቱ እየሰማ ለምን እንደሚሄድ የሚናገርበት ቦታ፣ አባቱም ልጁ እየሰማ የበሬውን ነገር የሚናገርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ግርፋት አላሳየንም፤ «አትሂዱ»ም አላልንም። በዚህ እስከ ዛሬ ልክ ነን ብለን እናምናለን።

የአመዱ ሣጥን

ከትርዒቱ ሁሉ ሰው ጸጥ ያለበት ክፍል ስለ ደቡቡ መንገድ የሠራነው ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ አገር ቴቴ በሚባል ክፍለ ሀገር ከማላዊ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ተያዘ። የጫነው ኮንቴይነር የሚባለውን የብረት ሣጥን ነበር። ሲከፈት 78 ሰዎች ውስጡ ተገኙ። 64ቱ ሞተው ነበር። የገደላቸው የአየር እጥረት ነው። በሕይወት የተረፉት 14 ናቸው። ሰዎቹ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ።

ሰባት ሰው 78 ሰው መሆን እንዴት ይችላል? ከአውድማው ላይ በአመድ አራት ማዕዘን ሠመርን። ትልቁ ኮንቴይነር ወደ 12 ሜትር ርዝመትና ወደ 2 ሜትር ተኩል ስፋት አለው፤ በዚሁ ልክ አደረግነው። ከተመልካቹ 71 ፈቃደኞች እንዲገቡልን ጠየቅን። ሕፃናትንና ነፍሰ ጡር ሴቶችን አላስገባንም። የሚገባውን የቆጠሩልን በጎልማሶች ትምህርት ፊደልና ቁጥር የለዩ አንዲት እናት ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጠሩ። ሃምሳ ሲደርሱ ሰዉ ይሳሳቅ ነበር። ስድሳ ላይ ሳቁ ቆመ። ሰባ ስምንት ሲሉ ከአመዱ መስመር እንዳይወጡ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ነበር።

ከዚያ «ከ15ኛው ጀምሮ የገባችሁ ቁጭ በሉ» አልን። 64 ሰው ተቀመጠ። 14 ሰው ቆሞ ቀረ። የቆሙት የሚረግጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ሙዚቃ አላደረግንም፤ ንግግርም አላደረግንም። ትንሽ ቆይተን የተቀመጡትን እጃቸውን ይዘን አስነሣን፤ በጀሪካኑ ውኃ አዞርን። የቆጠሩት እናት ግን እዚያው ቆመው 64 ሲቀነስ ከ78 ስንት እንደሆነ እንደገና በጣታቸው ያሰሉ ነበር።

ሸንጎው

ቦአል የጀመረው አንድ አሠራር አለ፤ እኛ የሸንጎ ቴአትር ብለነዋል። ትርዒቱ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይታያል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። በዚህ ጊዜ ከተመልካቹ ማንም ሰው «ቁሙ!» ማለት ይችላል። ይነሣል፤ የአንዱን ተዋናይ ቦታ ይይዛል፤ እሱ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ በተግባር ያሳያል። ሌሎቹ ተዋንያን በየቦታቸው ሆነው ይመልሱለታል። ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ባለ ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

መጀመሪያ የተነሡት አንድ ጎልማሳ ገበሬ ናቸው። የአባትን ቦታ ያዙ። በመጀመሪያ የበሬውን ተዋናይ አንገት በእጃቸው ይዘው ቀንበር የለመደ በሬ እንደሚቆመው አድርገው አስተካከሉት፤ ሕዝቡ ሳቀ። ደላላው ሦስተኛ ሲመጣ ቀንበሩን አልፈታም አሉ። እርፉን ጨብጠው ማረሳቸውን ቀጠሉ። ልጁ ተቀመጠ። ደላላው ግን ወደ ልጁ ዞረና በጆሮው «ሂድ ብቻ፤ ኋላ ትከፍላለህ» አለው። ልጁ በሌሊት ወጣ። ገበሬው ዞር ሲሉ ጎልጓይ የለም። ሁለት በሬ አላቸው፤ ልጅ የላቸውም። እርፉን ይዘው ቆሙና «አሁንስ?» ብለው ወደ ሕዝቡ ጮኹ።

ገመዱ ላይ አንዲት እናት ተነሡ። ብቻቸውን አልሳቡም፤ ጎረቤቶቻቸውን እየጠሩ ገመዱን አስያዙ። ስምንት ሴቶች ያዙት። «እናዋጣለን፤ ልጃችን ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት «ዛሬ ካዋጣን ነገ የሌላውን ልጅ ይዘው ይደውሉልናል» ብለው ተቃወሙ። ከሴቶቹ አንዷ «እርስዎ ልጅዎ ቢሆን?» አለቻቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ። ይህ ክርክር ከትርዒቱም ረዘመ፤ ትርዒቱን አቁመን አዳመጥን። መልስ አልተገኘለትም። እኛም መልስ ይዘን አልሄድንም።

በመጨረሻ አንድ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ወጣ። የልጁን ቦታ ያዘ። ሁላችንም ደላላውን ሲያባርር ወይም ተከትሎት ሲሄድ እናያለን ብለን ጠበቅን። ሁለቱንም አላደረገም። የአባቱን ማሳ በእርምጃ ለካ። ከዚያ ሦስት ሰዎችን ከሕዝቡ ጎትቶ አስነሣና ማሳው ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው፤ ወንድሞቹ ናቸው። መሬቱን በእግሩ እየሠመረ ለአራት ከፈለው። ለእሱ የደረሰው ሁለት እግሩን ገጥሞ የሚቆምበት ብቻ ሆነ። እዚያ ላይ እግሩን ገጥሞ ቆመና አባት ወደ ሆኑት ሰውዬ ቀና ብሎ አየ። አባት የሆኑት ሰውዬ የሌላ ሰው አባት ነበሩ። የራሱ አባት ግን ከሕዝቡ መካከል ተቀምጠው ነበር። ተነሡና ወደ መሐል መጡ፤ ቀንበር የሆነውን ዱላ ከመሬት አነሡ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ሳያውቁ በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጁ የተነጋገሩት ለራሳቸው ነው። እኛ አልሰማንም።

በቀበሌያችሁ ልትሠሩት ብትፈልጉ

ይህን ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። ከአምስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል፤ ሴቶችም ወንዶችም ቢሆኑ ይሻላል። ማንበብ የማይችልም ሰው ሙሉ ድርሻ አለው። ጉዳዩ የግድ ስደት መሆን የለበትም። የመሬት ክርክር፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የወፍጮ ተራ፣ ሰውን ያስጨነቀ ማንኛውም ጉዳይ ይሆናል።

ጉዳዩን ከመረጣችሁ በኋላ ለመናገር አትቸኩሉ። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ጉዳዩን በአካሉ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳይ፤ እንደ ድንጋይ ሐውልት ሳይንቀሳቀስ ይቁም። ሌላው ያየውን ይናገር። የቆመው ሰው «እንዲህ ማለቴ ነው» ብሎ አይከራከር። ሌሎች ያነበቡት እሱ ካሰበው የተሻለ ሊሆን ይችላልና። ከዚህ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚያየውን ምረጡና ከዚያ ጀምሩ። የጎረቤትን ገበና ግን አታውጡ። የእገሌ ታሪክ ነው ተብሎ የሚታወቅ ከሆነ ይቅር ወይም ይቀየር። እርቅ ሳይፈጽም ጠብ የሚያስነሣ ቴአትር ለማንም አይጠቅምም።

ለሸንጎው አንድ ሰው መሐል ቆሞ ተራ ይስጥ። ይህ ሰው ሐሳብ አይስጥ፤ «ሌላስ? ሌላስ?» ብቻ ይበል። ሽማግሌዎች ቀድመው ከተናገሩ ወጣቶች ዝም ስለሚሉ፣ ሴቶችም ከኋላ ስለሚቀመጡ፣ ተራው ከኋላ እንዲጀምር ማድረግ ጥሩ ነው። እኛ በአንድ ጎጥ ሴቶቹን ከፊት አስቀምጠን ሞክረነዋል፤ በደንብ ሠርቷል።

ለቦታ አውድማ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ይበቃል። ሕዝቡ ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ግማሽ ክብ ሠርቶ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ከሰብል መሰብሰቢያ በፊት ባለው ክፍት ጊዜ ቢሆን ሰው ይገኛል። የገበያ ቀን አይሁን። ሰዓቱም ከዘጠኝ ሰዓት አይለፍ፤ ሸንጎው ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ይረዝማል፤ ከብቶቹ ደግሞ ሳይመሽ መግባት አለባቸው።